የጠፋው ላብ

አፀደ የያዛትን በሽታ ስም ከባሏ በቀር ለማንም አልነገረችም። ለሥራ ባልደረቦቿ «ማዮማ ነበር፣ ወጣልኝ» አለቻቸው። የባሏ ታላቅ እህት ኣስካል ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ይዛ «ምን ነበር ያወጡልሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ?» ብላ ስትጠይቃትም ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰችና «ማዮማ» አለች።

መጀመሪያ ላይ ማዮማ መስሎም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ፣ ኮምቦልቻ ካሉት ወላጆቿ ድምፅ እንኳ ተቆርጣ መቀሌ በቀረችበት ወቅት ደሟ ከልክ በላይ ይፈስ ጀመር። ያኔ የመድኃኒት ቤቶቹ መደርደሪያ ባዶ ነበር። አንድ ቀን ሆስፒታል ሄዳ ቁስለኞቹ ኮሪደሩን ሞልተውት ስታይ የራሷን ሕመም መናገር አሳፍሯት ተመለሰች። ሰላም ወርዶ አልትራሳውንድ ስትታይ ማህፀኗ ውስጥ የብርቱካን ያህል እብጠት ተገኘ። ካንሰር ያልሆነው ማዮማ ነው ተብሎ ማህፀኗ ወጣ። ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ግን ሌላ ሆነ። የማህፀን ሳርኮማ የሚባል ካንሰር ነበር፤ ያውም ከስንት አንድ ሴት ላይ የሚገኝ፣ ብዙ ሐኪም ስሙን እንጂ በሽተኛውን አይቶ የማያውቀው ዓይነት።

ይህን የነገራት ዶክተር መድሃኔ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሲናገር የሰሚውን ፊት የሚያይ ሐኪም ነው።

«ይኼኛው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አላት። «ምግቡ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። እሱን ካገኘ ያድጋል፣ ካጣ ይተኛል። ስለዚህ ምግቡን እንነፍገዋለን።»

በሁለት በኩል ነፈጉት። በሌላ ቀዶ ጥገና እንቁላል የሚያመርቱትን ሁለቱን ዕጢዎች አወጡላት። ቀጥሎ ሰውነቷ ከሌላ ቦታ የሚሠራትን ጥቂቷን ኢስትሮጅን የምታደርቅ፣ ሌትሮዞል የምትባል ኪኒን በየቀኑ እንድትውጥ ታዘዘላት። ሲቲ ስካኑ ሳንባዋ ላይ የበሽታውን ጥቃቅን ነጥቦች አሳይቶ ነበርና፣ እነሱ በምላጭ የሚለቀሙ አልነበሩም።

አፀደ ኪኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት። ከምስር ብዙም አትበልጥም።

«ለካንሰር ይህቺ ብቻ፣ ዶክተር?»

«ይህቺ ብቻ። የሆርሞን ሕክምና ይባላል። ስሙ ሰው ያሳስታል፤ ሆርሞን የምንሰጥ ይመስላል። እኛ የምናደርገው ሆርሞኑን ማድረቅ ነው። እኔን ሳትጠይቂ ሌላ ምንም ነገር እንዳትወስጂ።»

እሺ አለች። ማታ ለባሏ ለኣለምሰገድ ሁሉንም ነገረችው፤ ሁለቱም ለኣስካል ላለመንገር ተስማሙ። የኣስካል አንድያ ልጅ ገብረሕይወት ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። መርዶው የደረሳት ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እስካሁን ጥቁር ለብሳ ነው የምትውለው። ስሙን በፊቷ የሚያነሳ የለም፤ እሷም አታነሳውም። «እሷ ላይ ሌላ አንጨምርባትም» አለ ኣለምሰገድ። አፀደ የራሷም ፍርሃት ነበራት። በዚያ ቤተሰብ ካንሰር በስሙ አይጠራም፣ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። ያ በሽታ ያዛት ከተባለ በኋላ ሰው የሚያያት እንደሚሰናበታት ሆኖ ነው። ያንን አስተያየት አልፈለገችውም።

ኪኒኗን ከጀመረች ብዙም ሳትቆይ ላቡ መጣ። ከደረቷ እሳት ይነሳል፤ አንገቷን አልፎ ፊቷ ላይ ይወጣና ወዲያው ከጸጉሯ ሥር ላቡ ይንቆረቆራል። ቀን ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ይጣበቃል፣ ሌሊት አንሶላው ይርሳል። መቀሌ ላይ ደግሞ ውሃ እንደልብ አይገኝም። ቧንቧው ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለው በርሜልና ጀሪካን ሁሉ ይሞላል፣ ከሄደ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። አፀደ የራሰውን አንሶላ ከማጠብ ፀሐይ ላይ አስጥታ መልሳ ማንጠፍ ያዘች። ኣለምሰገድ ዓይናለም ካሉት የውሃ ጉድጓዶች ዘንድ የፓምፕ ሞተር ሲጠግን የሚውል ሰው ነው። «ለከተማው ውሃ ሳወጣ እውላለሁ፣ ለሚስቴ አንሶላ ማጠቢያ የለኝም» ይላል ሊያስቃት። ትስቅለታለች።

መገጣጠሚያዋም ነበር። ጠዋት ስትነሳ ጣቶቿ አይታጠፉም። ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሒሳብ ነው የምታስተምረው፤ ማርከሩን ለመያዝ እጇን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ትሄድ ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆማ እሳቱ ሲነሳባት ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ ማዞር ትፈራለች፤ ጀርባዋን ሰጥታቸው ማንም የማያስፈልገውን ረጅም ማስረጃ ትጽፋለች። ከሁሉ የባሰው ግን ሐሳቡ ነው። ይህ ሁሉ ስቃይ ነጥቦቹ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ አታውቅም። ስታስል ቆም ብላ ታዳምጣለች። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ቢያጥር «ይኸው» ትላለች ለራሷ።

አንድ ቅዳሜ ኣስካል በባጃጅ ውሃ ጭና መጣች። እሷ ግቢ ትልቅ ታንከር ስላለ ብዙ ጊዜ ጀሪካን ሞልታ ታመጣላቸዋለች። አፀደ በሩን ከፍታ ሰላም ብላት ሳትጨርስ እሳቱ ተነሳባት።

ኣስካል ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ ትክ ብላ አየቻት። «እዋይ! ምንድነው ይሄ ላብ?»

«ሆርሞን ነው እትዬ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሆርሞኔ ተዛብቶ ኪኒን እየወሰድኩ ነው።»

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ኣስካል ግን ፊቷ በራ፣ የምታውቀውን ነገር እንዳገኘች።

«ኣየ! እኔም እኮ እንደዚህ ሆኜ ነበር። የወር አበባዬ ሲቆም ላቡ ሊገድለኝ ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ አንዲት ሐኪም ኪኒን ሰጠችኝ፣ በወሩ ጠፋ። ያንቺው ሐኪም የማይረባ ነገር ነው የሰጠሽ፣ ሓቂ፣ እውነቴን ነው።»

በማግስቱ ከቤተክርስቲያን መልስ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ቤት ፖስታ አመጣችላት። ላይዋ ላይ በቀን አንዴ የሚል ምልክት እንጂ ስም የለባትም። «በቀን አንድ፣ ከምግብ በኋላ። ለላቡ ነው» አለቻት።

አፀደ ፖስታዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዶክተር መድሃኔን እጠይቃለሁ ብላ ነበር። ሰኞ ደወለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። ማክሰኞ ተረኛ ነርሷ ለሥልጠና ወጥቷል አለቻት። ረቡዕ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ላይ መስመሩን ሳትጨርስ፣ ማርከሩ ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ስታጎነብስ ላቡ ከግንባሯ ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ዙሀራ የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ ተነስታ ማርከሩን አቀበለቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መምህር፣ እርጉዝ ነዎት እንዴ? እናቴም እንዲህ ትሆን ነበር» አለቻት። ልጅቷ በደግነት ነው ያለችው። አፀደ ክፍሉን ቶሎ ለቃ ወጣች፤ ቢሮዋ ገብታ በሯን ቆለፈች። ማህፀን የሌላት ሴት ነበረች። ፖስታዋን አወጣችና አንዷን ኪኒን በሻይ ዋጠቻት።

በሁለተኛው ሳምንት ላቡ መቀነስ ጀመረ፤ ቆየት ብሎ ጭራሽ ጠፋ። ጣቶቿም ተፈቱ። እንቅልፍ ማለት ምን እንደነበር ረስታ ኖሮ፣ ጠዋት ስትነሳ አንሶላው ደርቆ ስታገኘው እጇን ላዩ ላይ እያንሸራተተች ትቆያለች። ከሥራ ወደ ቤት በእግሯ መመለስ ጀመረች። ለኣለምሰገድ ሰውነቷ ለምዶት ይሆናል አለችው። እሱም በደስታው ብዙ አልጠየቀም። ሌትሮዞሉን አላቋረጠችም፤ ጠዋት እሱን፣ ከምሳ በኋላ የኣስካልን። አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ላይ ፖስታዋን ስትከፍት ዶክተሩ ያላት ትዝ ይላታል። ለላብ የሚሰጥ ተራ ነገር ነው እያለች ትገፋዋለች። ምን እንደሆነ ማወቅ አልፈለገችም፤ ካወቀች ሊቀርባት ይችላል።

የቀጠሮዋ ቀን ደርሶ ዶክተር መድሃኔ ፊት ስትቀመጥ ገና ሳይጠይቃት ፈገግ አለች።

«አምሮብሻል» አላት። «ላቡስ?»

«ጠፋ፣ ተመስገን።»

የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀመጠ። «ጠፋ ማለት?»

«ጭራሽ። መገጣጠሚያዬም ተሻለው።»

አልሳቀም። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። «ሌትሮዞሉን አቋርጠሻል?»

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

«ላብ በጊዜ ብዛት ይቀንሳል። እንዲህ በአንድ ጊዜ ግን አይጠፋም። ሰውነትሽ ኢስትሮጅን ሲያጣ ነው የሚያልብሽ። ላቡ ጠፋ ማለት…» አቆመ። «ምን ጨመርሽ?»

«ምንም» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ስለ ፖስታዋ ነገረችው። ስትናገር ድምፅዋን ለራሷ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ትሰማው ነበር፤ የሒሳብ መምህርት፣ ስሙን የማታውቀውን ኪኒን ለሳምንታት ስትውጥ።

ዶክተር መድሃኔ አልተቆጣትም። ቢቆጣት በተሻላት። «የኪኒኑን ስም ዛሬውኑ ላኪልኝ። እስክነግርሽ አንዲትም እንዳትውጪ። የሲቲ ስካኑን ቀን ደግሞ እናቀርበዋለን።»

«ያ ከሆነ… የሚያስቡት ከሆነ፣ ነጥቦቹ…»

«መጀመሪያ ስሙን እንወቅ» አላት።

ከሆስፒታሉ ወጥታ ባጃጅ ያዘች። መንገዱን አላየችውም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እየተነፈሰች፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ እየመረመረች የኣስካል ሱቅ ያለበት ቀዳማይ ወያነ ገበያ ደረሰች። ባጃጁ ገበያው ውስጥ መግባት ስላልቻለ ወርዳ በሰው መሀል እየተጋፋች በእግሯ ሄደች።

የኣስካል ሱቅ ጠባብ ናት፤ ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተደርድሮባታል። አንዲት ደንበኛ ለልጇ ሠርግ የሚሆን ገበር መምረጥ አቅቷት ነጩን ታነሳለች፣ ክሬሙን ታነሳለች፣ በር ላይ ወስዳ በፀሐይ ታያለች፣ መልሳ ነጩን ትጠይቃለች። አፀደ ጥግ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጩኺ ጩኺ አላት። ሴትዮዋ በመጨረሻ «ነገ ከእህቴ ጋር እመጣለሁ» ብላ ወጣች።

«እትዬ፣ ያቺ የሰጠሽኝ ኪኒን ስሟ ማነው?»

«አለቀችብሽ? አመጣልሻለሁ ጓለይ።»

«ስሟን ነው የፈለግኩት። ካርቶኑ አለሽ?»

ኣስካል ከባንኮኒው ሥር ቦርሳዋን አውጥታ ካርቶኑን ሰጠቻት። «ከራሴ ነው ያካፈልኩሽ። እኔ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጣት፣ ላንቺ እንድትበቃ» አለች፤ ይህን ስትል ትንሽ ኮራ ብላ ነበር።

አፀደ ካርቶኑን በስልኳ አንስታ ለዶክተሩ ላከችለት። ስለቸኮለች የመጀመሪያው ፎቶ ደብዝዞ ደግማ አነሳችው። ኣስካል ጠጋ ብላ አየቻት።

«ምን ሆነሻል? ምን አድርጌሽ ነው?»

ከዚህ በኋላ የሚሸሽበት አልነበረም። «ማዮማ አልነበረም እትዬ» አለች አፀደ። «ካንሰር ነው። የማህፀን ካንሰር። ማህፀኔ ወጥቷል፣ እሱ ግን ሳንባዬ ላይ አለ። የምወስደው ኪኒን የሴት ሆርሞኔን የሚያደርቅ ነው፣ በሽታው ያንን ስለሚበላ። ላቡ የዚያ ነበር። ያንቺ ኪኒን ግን…»

ስልኩ ጠራ። ዶክተር መድሃኔ ነበር። በጠባቧ ሱቅ ውስጥ ድምፁ ለሁለቱም ይሰማ ነበር። «ኢስትሮጅን ነው። ንጹሕ ኢስትሮጅን። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪው። ሌትሮዞሉን ቀጥዪ። ስካኑን አስይዤልሻለሁ፣ ሰሞኑን ይደውሉልሻል።»

«ጎድቶኛል?»

«ሳላይ ብነግርሽ ውሸት ይሆንብኛል» አላት።

ስልኩ ሲዘጋ ኣስካል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር። «መርዝ ነው የሰጠሁሽ» አለች።

«መርዝ አይደለም። አንቺን የሚረዳ ነው። ለእኔ ነው የማይሆነው፤ አንቺ ደግሞ አታውቂም ነበር።»

«አትሸፋፍኚልኝ!» ኣስካል ድምፅዋ ወጣ፤ ከጎረቤት ሱቅ አንድ ሰው ብቅ ብሎ አየና ተመለሰ። «እስካሁን የሸፈናችሁልኝ ይበቃል። ሓወይስ ያውቃል? ወንድሜ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«እና እኔን ነው አትችልም ያላችሁት? እኔ የልጄን ሬሳ ሳላይ እርም ያወጣሁ ሰው ነኝ። ያንን ተሸክሜ በየቀኑ ይህን ሱቅ እከፍታለሁ። ይኼን አትሸከምም አላችሁ? ብትነግሪኝ ኖሮ… አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ይቺን ነገር በእጄ እሰጥሽ ነበር?»

ኣስካል ተነስታ መብራቱን አጠፋች፤ ጣቃዎቹን ሳታስተካክል፣ አፀደን ቀድማ አስወጥታ የሱቁን በር ወደ ታች ሳበችው። ገና ቀትር ነበር። ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ በሰው መሀል ሄደች፤ አፀደ ብትጠራትም አልዞረችም።

ኣለምሰገድ ሲሰማ መጀመሪያ በእህቱ ተናደደ። «መድኃኒት እንደ ጨው ይታደላል?» ብሎ ተነሳ፣ ሊደውልላት። አፀደ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«እሷን አትናገራት። ዶክተሩ ምንም አትውሰጂ ያለው እኔን ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ውሸቱንም የነገርናት እኛ ነን።»

ተቀመጠ። «ቢያድግስ?» አላት። ከታመመች ጀምሮ ይህን ጥያቄ አፍ አውጥቶ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር።

ኣስካል መምጣት አቆመች። ስልክ አታነሳም። ጎረቤቶቿ ጠዋት ጠዋት ወደ ቁሓ ቤተክርስቲያን እንደምትሄድ ነገሯቸው። ላቡ ግን ተመለሰ። የኣስካልን ኪኒን ካቆመች ብዙም ሳይቆይ፣ ምሳ እየበላች ሳለ፣ ያ እሳት ከደረቷ ተነሳ። አፀደ ማንኪያዋን አስቀምጣ ጠበቀችው። ፊቷ ላይ ሲወጣ፣ ላቡ አንገቷ ላይ ሲወርድ አላበሰችውም። እያደረቀ ነው፣ እየሠራ ነው አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ሐሳብ መጣ፦ በእነዚያ ደህና በተኛችባቸው ሳምንታት ያ ነገር ስንት በልቶ ይሆን? ክፍል ውስጥ ስለ ዕድገት ምጣኔ እያስተማረች፣ ሰሌዳው ላይ ሽቅብ የሚወጣ መስመር ሠርታ መስመሩን ማየት አቃታትና በእጇ መዳፍ አጠፋችው። ተማሪዎቹ የተሳሳተች መስሏቸው እነሱም ከደብተራቸው ሰረዙት።

የስካኑ ቀን ኣለምሰገድ አብሯት ሊሄድ ነበር፤ ጠዋት ግን አንዱ ትልቅ ፓምፕ ቆሞ የሰፈሩ ውሃ ስለተቋረጠ ጠሩት። «ሂድ፣ ብቻዬን እችላለሁ» አለችው። አልቻለችም ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ከበሩ ወዲያ ማዶ ጥቁር የለበሰች ሴት ያየችው። ኣስካል ነበረች። ቀድማ መጥታ ስትጠብቃት ቆይታለች።

«ኣለምሰገድ ቤቴ መጥቶ ነው ቀኑን የነገረኝ። ብትፈልጊ እመለሳለሁ» አለች ኣስካል።

«አትመለሺ» አለች አፀደ።

ማሽኑ ውስጥ ተኝታ «ትንፋሽ ሳቢ… ያዢ» ሲሏት አፀደ ከታዘዘችው በላይ ያዘች። ከወጣች በኋላ ዶክተር መድሃኔ ምስሉን ከድሮው ጋር አስተያይቶ እስኪጠራቸው ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሚያልፍ ነጭ ጋወን ሁሉ እሷን የሚጠራ ይመስላታል። የቢሮው በር በተከፈተ ቁጥር ግማሽ ትነሳና መልሳ ትቀመጣለች። ኣስካል ስታያት ቆየችና በድንገት ተናገረች።

«ገብረሕይወት ሒሳብ አይሆንለትም ነበር።»

አፀደ ዞር አለች። ያንን ስም ከኣስካል አፍ ከመርዶው ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

«ሚኒስትሪ ሲወስድ አንቺ ነሽ ያስጠናሽው። ታስታውሺያለሽ? ያንቺን ጫማ ደብቆ ነበር፣ ዛሬ ማስጠናቱን ከተውሽ እሰጥሻለሁ ብሎ።»

«ጣሪያው ላይ ነበር የወረወረው» አለች አፀደ። «በባዶ እግሬ ነው ያስጠናሁት።»

ኣስካል ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አፀደ ወደ እሷ ተጠጋች። ኣስካል ከነጠላው ሥር «ስሙን ማንም አይጠራልኝም» አለች። «ሁላችሁም እንዳልሰበር ትፈሩልኛላችሁ። እሱን እኔ ብቻ ነኝ የማስታውሰው መሰለኝ እኮ።»

«ስንቱን አብረን ደበቅን» አለች አፀደ። ስለ ልጁ ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ እንዴት ይሮጥ እንደነበር፣ ስለ ምን ይዋሽ እንደነበር። ነርሷ ስም ስትጠራ ሁለቱም ደነገጡ።

ዶክተር መድሃኔ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረው። «አንዷ ነጥብ ትንሽ አድጋለች» አለ። «ይቺ ናት። የቀሩት ባሉበት ናቸው። አዲስ የወጣ የለም።»

አፀደ «አድጋለች» ከሚለው በኋላ ያለውን አልሰማችም፤ ደግሞ እንዲነግራት ለመነችው። ደገመላት።

«በእኔ ኪኒን ነው?» አለች ኣስካል። ቀጥ ብላ ነበር የጠየቀችው፤ እጇ ግን የወንበሩን ክንድ ጨብጧል።

«ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ጀምሮ እያደገች ከሆነም አላውቅም። ማንም ሐኪም በእርግጠኝነት ሊነግርዎት አይችልም።»

«ካርቶኑን ሽንት ቤት ጣልኩት። ከእንግዲህ አልነካውም።»

ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «እርስዎ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ። ለእርስዎ የታዘዘ ነው። ለሌላ ሰው አይስጡት እንጂ።»

«እንግዲህ አሁን ምን ይደረጋል?» አለች አፀደ።

«ሌትሮዞሉን እንቀጥላለን። ለላቡ ሆርሞን የሌለበት ሌላ መድኃኒት አለ፣ መጀመሪያም ልሰጥሽ ይገባ ነበር፤ ይህን ያህል መሆኑን አልነገርሽኝም። ክረምቱ ሲወጣ ደግመን እናያለን። ያቺ ነጥብ ማደጓን ከቀጠለች መድኃኒት እንቀይራለን። ሌላ መንገድ አለ።»

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ውሃው በዝናቡ ምክንያት ተሻሽሎ አንሶላው በየጊዜው ይታጠባል፤ አዲሱ መድኃኒት ላቡን ባያጠፋውም አበረደው። ፍርሃቱን የሚያበርድ ግን አልነበረም። አፀደ አንዳንድ ቀን ስለ ነጥቧ ሳታስብ ግማሽ ቀን ትውልና ስታስታውስ ደንግጣ ቆም ትላለች፣ ምድጃ ላይ ወተት ጥላ እንደወጣች ሴት። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ካንሰር እንዳለባት ነገረችው። ደንግጦ የጠዋት ክፍሎቿን ወደ ከሰዓት ለወጠላት። ለእናቷ ስትነግር እናቷ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ ከዚያ ግን በየቀኑ እየደወለች «ዋጥሻት?» ትላት ጀመር። አፀደ የፈራችው አስተያየት ከአንዳንዱ ሰው መጣ። ከኣስካል አልመጣም። ኣስካል ጀሪካኗን ይዛ እንደ ድሮው ትመጣና፣ በር ላይ ቆማ «ላቡ አለ?» ትላለች። አፀደ አለ ካለቻት ብቻ ገብታ ትቀመጣለች።

መስከረም ላይ ሦስቱም ሄዱ። ኣለምሰገድ ያን ቀን ማንም ቢደውል አላነሳም ብሎ ስልኩን ቤት ጥሎ ወጥቶ ነበር። ዶክተር መድሃኔ ምስሎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ቆየ። አፀደ ስክሪኑን ሳይሆን የእሱን ፊት ነበር የምታየው።

«ቆማለች» አለ በመጨረሻ። «ያደገችው ነጥብ ካለፈው አልጨመረችም። የቀሩትም እንዲሁ።»

«ቀነሰች ማለት ነው?» አለ ኣለምሰገድ።

«አልቀነሰችም። ባለችበት ናት። እንደዚህ ብዙ ዓመት የሚቆዩ ሰዎች አሉ። አይቆዩም የሚልም የለም፣ ይቆያሉ ብሎ የሚፈርምም የለም።»

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ኣለምሰገድ ባጃጅ ሊጠራ ወደ በሩ ሄደ። አፀደ ደስ ሊላት ሞከረች፤ ደስም አላት፤ ግን የሚቀጥለው ቀጠሮ ከአሁኑ ሆዷ ውስጥ ቦታ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

«እትዬ፣ አሁንም እፈራለሁ» አለች።

«እኔም እፈራለሁ» አለች ኣስካል። ክንዷን በአፀደ ክንድ ውስጥ አስገባች። «ካሁን በኋላ ግን ተነጋግረን ነው የምንፈራው። ምሳ አልበላሽም፤ ነይ፣ እዚህ ጥግ ጥሩ ጥሕሎ የሚሠሩ አሉ።»

አፀደ አብራት ሄደች፤ ደግማም አስጨምራ በላች።